አጃቢ የሌለው አይነሳም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶናል። የምናወራው በሐምሌ መጨረሻ ለአጃቢነት ወደ ተራራ ስለሄድንበት ጉዳይ ነው። ሦስት ነበርን። አሁን አንዳችን ብናነበውም ቃሉ የሦስታችንም ነው።

አብዛኞቻችሁ የቅዳሜዋን የዋና አስተማሪያችንን ታውቋታላችሁ። ኖርዌጂያዊት ናት፤ ዕድሜዋ 50 ደፍኗል። ደገኞች ስለሆንን ብዙዎቻችን ወንዝ የምናውቀው ልብስ ልናጥብ ስንወርድ ብቻ ነበር። ፊታችንን ውኃ ውስጥ መንከር ያስተማረችን እሷ ናት፤ ያውም ያለ ክፍያ። ዘንድሮ ኖርስማን በሚባለው ውድድር ዕጣ ወጣላት። ልታጅባት የነበረችው እህቷ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ስታደርግ ወደ እኛ መጣችና «ትመጡልኛላችሁ?» አለችን። እንዴት እምቢ ይባላል?

ኖርስማን ትራያትሎን ነው፤ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን ሳይቋረጥ። ከ2003 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ተወዳዳሪው መኪና ከሚያሻግር መርከብ ላይ ዘሎ ሀርዳንገር ፍዮርድ ውስጥ ይገባና 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛል። ከዚያ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት፣ በመጨረሻም 42.2 ኪሎ ሜትር በእግር አለ። ሩጫው የሚያልቀው 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጋውስታቶፔን ተራራ አናት አጠገብ ነው። ለደገኛ 1,850 ሜትር ምንም አይደለም፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። ልዩነቱ እነሱ ከባሕር ጠለል መነሳታቸው ነው።

እኛን የገረመን ግን ርቀቱ አይደለም፤ ደንቡ ነው። በሌሎች ትልልቅ ውድድሮች አዘጋጁ በየመንገዱ ውኃና ምግብ ይዘረጋል። እዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱን አጃቢ፣ የራሱን መኪና፣ የራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣል። አጃቢ የሌለው አይነሳም። ጠንካራ ነኝ፣ ብቻዬን እችላለሁ ቢልም አይነሳም። ወደ ተራራው አናት የሚወጣው የመጨረሻው የድንጋይ መንገድ ላይም ተወዳዳሪው ከአጃቢው ጋር፣ ሙቅ ልብስና ምግብ ተይዞ ነው የሚወጣው።

በዕለቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሳን። ኤይድፍዮርድ የምትባለው መንደር ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። መርከቡ ሄደ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ዘለሉ። እኛ ዳር ቆመን የምናየው የባርኔጣ ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ የትኛዋ እሷ እንደሆነች አይታወቅም። ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ከሰውነት ይወስዳል ይባላል። በ2015 ውኃው በጣም ቀዝቅዞ የዋናውን ርቀት ለማሳጠር ተገደው ነበር። አስተማሪያችን ያለችን ነገር አለ፦ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ አትታገዪው፣ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ጣትሽ ነው።

እንዳለችውም ሆነ። ከውኃ ስትወጣ በእግሯ ቆማለች፣ ፈገግ ብላለች፣ ግን የራስ ቁሯን ማሰሪያ መቆለፍ አልቻለችም። ሁለት ጣት የሚሠራውን ነገር አሥር ጣት አቃተው። አንዳችን ማሰሪያውን ቆለፍን፣ አንዳችን ካልሲ አለበስናት። ልጅ ትምህርት ቤት እንደማድረስ ያለ ሥራ ነው። ሰው ከብርድ ውኃ ከወጣ በኋላም የውስጥ ሙቀቱ ለጊዜው መውረዱን እንደሚቀጥል የተነገረን ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ፈገግታዋን አላመንነውም።

ስለ ልብስ አንድ ነገር እንበል፤ ለክረምታችሁም ይጠቅማችኋል። ከእኛ አንዷ ጋቢ ይዛ መጥታ ነበር። ጋቢ የሚያህል ነገር የለም፤ ግን ጥጥ ነው፣ ጥጥ ደግሞ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ስለዚህ ገላዋ ላይ የሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ፣ ጋቢው ደግሞ መኪና ውስጥ ሆኖ ጓንቶቿን ሞቅ አድርጎ ጠቀለለልን። ቁልቁለት ከመውረዷ በፊትም ጋዜጣ አጥፈን ደረቷ ላይ፣ ከሹራቧ ሥር አስገባንላት። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው። ዳገት ላይ ሰውነት ሠርቶ ይሞቃል፤ ቁልቁለት ላይ እግር ያርፋል፣ ነፋሱ ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ይጨምራል። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ እያለ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቆዳ ላይ ከዜሮ በታች እንደሆነ ያህል ይሰማል። ብስክሌት የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ ይህን ፍጥነት በራሱ ያመጣዋል።

ከፍዮርዱ እስከ ዲራኑት ድረስ ወደ 1,250 ሜትር የሚያወጣ ዳገት ነው። እዚያ ሀርዳንገርቪዳ የሚባለው ሜዳ ይጀምራል፤ ዛፍ የለም፣ ቤት እንኳ ከስንት አንድ ነው። ነፋሱ በፊት ለፊትና በጎን እየመጣ ብስክሌቷን ይገፋት ስለነበር ዘንበል ብላ ነበር የምትነዳው። በረጅም ርቀት ትራያትሎን ደግሞ ሌላ ብስክሌተኛ ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ነው። ነፋሱን እያንዳንዱ በራሱ ደረት ይቀበላል።

ዲራኑት ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «ደህና ነኝ» አለች። ከቀናት በፊት ግን ራሷ አስጠንቅቃን ነበር፦ ደህና ነኝ ካልኳችሁ አትመኑኝ፣ ብርድ የያዘው ሰው ስለ ራሱ አያውቅም፣ ሒሳብ ጠይቁኝ። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰውነት እየታገለ ነው ማለት ነው። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲቆምና ምላስ ሲተሳሰር ነው። ከእኛ መካከል የሒሳብ ሠራተኛ ስላለች ጥያቄው ለእሷ ተሰጠ። 17 ሲደመር 26? ዝም አለች። እንደገና ጠየቅናት። «43» አለች፤ ግን ዘግይታ፣ ልክ ከሩቅ እንደመጣ ድምፅ።

እዚህ ላይ ተከራከርን፤ በአማርኛ፣ እሷ እንዳትሰማ። አንዳችን ይብቃት አልን፤ ልጆች አሏት፣ ሜዳሊያ ምን ያደርግላታል? አንዳችን ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ በጨለማ ስትለማመድ አይተናታል፣ በእኛ ፍርሃት አናስቀራት አልን። ሦስተኛዋ አልተከራከረችም፤ ሻይ እየቀዳች ነበር። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ልብሷ ይቀየር፣ በመኪናው ከለላ አሥር ደቂቃ ትቁም፣ ትብላ፣ ከዚያ እንደገና ትጠየቅ። ቶሎ ካልመለሰች ብስክሌቱ ወደ መኪናው ይገባል፣ ብትቆጣም ትቆጣ።

ዝንጅብል ያለበት ሻይ ከፔርሙዝ ጠጣች። የያዘችው ፓኬት ምግብ በብርዱ ደርቆ ስለነበር ጭኮ በጣታችን እየቆረስን አጎረስናት። ጭኮ ለመንገደኛ የተሠራ ነው፤ ገብስና ቅቤ፣ ማኘክ እንኳ ብዙ አይፈልግም። ጉርሻ በሀርዳንገርቪዳ ላይ፣ በዝናብ! አጠገባችን የነበሩት የሌላ ተወዳዳሪ አጃቢዎች ሲያዩን ሳቁ፤ ቆይተው ግን እነሱም ቀመሱ። ጓንቶቿን ከጋቢው አውጥተን አጠለቅንላት። 38 ሲደመር 27? «65፤ አሁን ልቀቁኝ!» አለች። ለቀቅናት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። ያይሎን አልፋ፣ ኢሚንግፍየልን ወጥታ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ብስክሌቱን አስረከበችን። ሩጫው በቲንሾ ሐይቅ ዳር 25 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፤ ቀጥሎ «የዞምቢ ዳገት» የሚሉት ጠመዝማዛ መንገድ ይመጣል። እዚያ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል ይራመዳል። እኛም አብረናት ተራመድን፤ ምንም አንነካትም፣ አንጎትታትም። ከጎኗ መሆን ነው። ስለ ልጆቿ አወራችን፣ ስለ ጉልበቷ አወራችን፣ አንዳንዴም ዝም አልን። ከታች ሪዩካን ከተማ ትታያለች፤ በክረምት ለወራት ፀሐይ ስለማታገኝ በ2013 ተራራ ላይ መስታወት ተክለው ብርሃን ወደ አደባባይዋ የሚያወርዱባት ከተማ ናት።

32.5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ የደረሱት 160 ሰዎች ወደ ተራራው አናት ይወጣሉ፣ ጥቁር ቲሸርት ያገኛሉ። ቀሪዎቹ ያንኑ ያህል ርቀት ጋውስታብሊክ በሚባለው ሆቴል አካባቢ ሮጠው ይጨርሳሉ፣ ነጭ ቲሸርት ያገኛሉ። እሷ ነጩ ደረሳት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጨረሰች፤ 17 ሰዓት ማለት ነው። አለቀሰች እንዳንል ዝናብ ነበር።

ይህን ስናወራ አንዳንድ እህቶች «አበሻ ብርድ አይችልም፣ እናንተ እዚያ ምን ትሠራላችሁ» አሉን። ብርድ ዘር አይለይም። ኤፕሪል 16 ቀን 2018 የቦስተን ማራቶን ላይ ዝናቡና የፊት ለፊት ነፋሱ የዓለም ምርጥ ሯጮችን በየመንገዱ አስቀርቷል። የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ ስትመራ ቆይታ አቋርጣለች፤ አሜሪካውያኑም ኬንያውያኑም አቋርጠዋል። ያሸነፈችው ዴዚ ሊንደን መጀመሪያ ላይ የማቋረጥ ሐሳብ ስለነበራት ሻሌን ፍላናጋን ለመጸዳዳት ስትቆም ፍጥነቷን ቀንሳ ጠብቃት ነበር፣ ቢያንስ ሌላውን ልርዳ ብላ። 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ገባች። ሰው ሲጠብቅ የባከነውን ሴኮንድ ያ ሰዓት ለብቻው አያሳይም።

ወደ ሒሳቡ የምንመጣው በዚህ ነው። በውድድሩ የውጤት ዝርዝር ላይ የእሷ ስምና 17 ሰዓት ተጽፏል። ሦስታችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 20፣ 20 ሰዓት ቆመናል፤ ሲደመር 60 ነው። ለአንድ ሰው 17 ሰዓት የ60 ሰዓት አጃቢነት። ይህ ቁጥር የትም አልተጻፈም። ቅር ብሎን አይደለም የምናነሳው፤ ግን የሒሳብ ሰው ያልተጻፈ ወጪ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል።

የእኛ ማኅበርም እንዲሁ ነው። ለወለደች እህት ሌሊት ሆስፒታል አብሮ ማደር፣ አዲስ የመጣችውን መሥሪያ ቤት ይዞ መሄድ፣ ቋንቋ ፈተና በር ላይ መጠበቅ፣ ባሏ የሞተባትን ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ መዋል። በሪፖርታችን ላይ ግን «ትራንስፖርትና ሻይ» በሚል አንድ መስመር ተጠቃሎ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ከረጂዎቻችን አንዱ ወገን ይህ መስመር ለምን ከሥልጠናው ወጪ ጋር ሊቀራረብ እንደቻለ ጠይቆናል፣ ቢቀነስም መክሯል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። ሻይ ተብሎ የተጻፈን ነገር ማንም ቢሆን ሻይ ነው ብሎ ያነበዋል።

መልሳችን ይህ ነው። ሥልጠናው ብስክሌቱ ነው፤ አጃቢዋ ደግሞ ዲራኑት ላይ ያለችው ናት። ሥልጠና የወሰደች እህት ደብዳቤ ሲመጣባት፣ ልጇ ሲታመም፣ ሥራ ቃለ መጠይቅ በር ላይ እግሯ ሲያንቀጠቅጣት «ደህና ነኝ» ትላለች። ሁላችንም እንላለን። አጠገቧ ሆኖ 17 ሲደመር 26 ስንት ነው የሚላት ከሌለ ሥልጠናው እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ሁሉን እንሠራላታለን ማለት አይደለም። እዚያ መግፋትም መጎተትም ክልክል ነው፤ እዚህም ቅጹን እሷ ትሞላለች፣ ስልኩን እሷ ትደውላለች፣ እኛ ከጎኗ እንቀመጣለን። አንዳንድ አባሎቻችን ከደግነት ብዛት ቅጹን ራሳቸው እየሞሉ ስለሚመጡ ይህን በስማቸው ሳንጠራ እዚህ ማንሳት ፈለግን። በሚቀጥለው ጊዜ ያቺ እህት ብቻዋን ስትሄድ ቅጹን የት እንደምትጀምረው አታውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ «ትራንስፖርትና ሻይ» የሚለው መስመር ለሁለት ይከፈል፤ የስብሰባ ሻይ ለብቻው፣ አጃቢነት ለብቻው። ሁለተኛ፣ አጃቢ የሆነች ሁሉ የሄደችበትን ሰዓት በትንሿ ደብተር ትጻፍ። ገንዘብ እንዲከፈላት አይደለም፤ ረጂዎቻችን ከሰጡት እያንዳንዱ ክሮነር ጎን አባላት ምን ያህል ሰዓት እንደጨመሩበት እንዲያዩ ነው። ደብተሮቹ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ። አንዷ ሽፋን ላይ የጭኮ ቅባት አለ፣ እሱን ለእኛ ተዉልን።

የመስመሩ ለውጥ በሪፖርቱ 4ኛ ገጽ ላይ ለድምፅ ቀርቧል። አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ታነባለች።