ከመዝገቡ በፊት ቤቱን እንወቅ
(ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የሒሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን አሰምቶናል። እኛ ልንናገር የፈለግነው ከአባል ቤተሰብ ጋር እንዴት መገናኘት እንዳለብን ነው።

ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ስለሆንን መዝገብ እናከብራለን። ነገር ግን መዝገብ የሚያሳየው ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ነው እንጂ ለምን እንዳልከፈለ አይናገርም። የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት ሰው ጡረታው አልበቃው ብሎ ይሆናል፤ ቤቱ ውስጥ በሽተኛ ተኝቶበት ይሆናል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንጽፋለን። ያፈረን ሰው ደብዳቤ ይበልጥ ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ታዲያ ሰው የሚደብቀው እኮ የሚነግረው ሲያጣ ነው።

ይህንን በዓይናችን አይተነዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ቤት ሲያፈርስ፣ ለቅሶ በለቅሶ ላይ ተደራርቦ የእድሮች ገንዘብ ተመናመነ። ያን ጊዜ አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ቀብር ሳይጠብቁ በሽተኛ መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። በሽተኛው በሩን የሚከፍተው ቡና አብራው ለምትጠጣው ጎረቤቱ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዱን ቤት ደጋግመው ሲያዩት ነው የቤቱ እመቤት ችግሯን የምታወጣላቸው።

ዛሬ ደግሞ ሰፈር ሲፈርስ አባሎች ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ተበትነዋል። የጡሩምባ ድምፅ እዚያ አይደርስም። ቀሩ ብለን ብንሰርዛቸው፣ ስንት ዘመን ድንኳን አብሮን የተከለ ሰው ሲሞት ማን ይቆምለታል?

ስለዚህ የምናሳስበው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ማንም አባል ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት። ሰዎቹም በየጊዜው አይለዋወጡ፤ ሰው የሚያምነው የለመደውን ነው።

ሁለተኛ፣ ወሬው በገንዘብ አይጀመር። ጤናውን፣ ልጆቹን ጠይቀን፣ ቁጭ ብለን እንስማው።

ሦስተኛ፣ በዚያ ቤት የሰማነው እዚያው ይቅር። የሰው ገመና ጉባኤ ላይ የሚነገር አይደለም።

አራተኛ፣ የተቸገረ ሰው ባዶ እጁን ነው ብለን አንናቀው። ገንዘብ ያጣ ወጥ ይሠራል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ለቅሶ ቤት ያድራል። በሚችለው ይግባ።

«ታዲያ በወሩ የሚከፍለው ሰው ምን በደለ?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ደንቡ ይፍረስ አላልንም። እየቻለ አልከፍልም ያለው በደንቡ ይዳኝ። የቸገረው ግን ውዝፉን ቀስ በቀስ እንዲከፍል ጊዜ ይሰጠው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው መዝገብ በመግለጥ አይደለም፤ ቤቱ ሄዶ በማየት ነው።

ድንኳንና ወንበርማ በኪራይም ይገኛል። የሚያውቀን ሰው ግን በኪራይ አይገኝም።