«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እስከ መቼ?

(ዲላ ከተማ ለወጣቶችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)



«ዴሞክራሲ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ጆሮ በአገራችን የለም። ደርግ በ1980 ዓ.ም. አገሪቱን «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» አላት። ኢሕአዴግም ቃሉን ስሙ ውስጥ ከትቶ 28 ዓመት ገዛ። ታዲያ ሁሉም ዴሞክራት ነኝ ካለ ገበሬው ምነው ቀበሌ ሲጠራው ይደነግጣል? ዛሬ ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ ነገሩ እንነጋገር።

የኦስትሪያው ተወላጅ ጆሴፍ ሹምፔተር እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ዴሞክራሲን የሚያየው እንደ ውድድር ነው። ሹመት ፈላጊዎች ለሕዝብ ድምፅ ይሽቀዳደማሉ፤ ያሸነፈ ይገዛል። ካርል ፖፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 ጥያቄውን ገለበጠው። «ማን ይግዛን?» ማለቱን እንተወው፤ «ክፉ ገዢ ቢገጥመን ደም ሳይፈስ እንዴት እናወርደዋለን?» ብለን እንጠይቅ አለ። በእኔ እምነት የዴሞክራሲ ዋጋ እዚች ላይ ነው። የሚሾም ሁሉ የሚወርድበትን ቀን ይወቅ፤ እስከዚያው ደግሞ ይጠየቅ!

ይህ ሐሳብ ለጌዴኦ እንግዳ ነው? እንዴት ተብሎ! በባሌ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አባ ገዳው ጊዜው ሲደርስ ይለቃል። በየመንደሩ ባለው ሶንጎ ደግሞ የወሰን ክርክሩም፣ የባልና ሚስት ጠቡም፣ የደም ጉዳዩም በምክር ይታያል። ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የታየው የእንሰቱና የቡናው ጥምረት ብቻ አልነበረም፤ ያንን ደን ጠብቆ ያቆየው አገር በቀል ሥርዓትም ነው።

ግን ራሳችንን አንሸንግል። ሶንጎው የወንዶች ሸንጎ ሆኖ ነው የኖረው። እንሰት ስትፍቅ የምትውለው እናት ስለ መሬቷ ሲወሰን ካልተናገረች ዴሞክራሲው ግማሽ ነው። ከአባቶች ሥርዓት መልካሙን እንያዝ፤ የጎደለውን ደግሞ እንሙላ።

መጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ የሚያስተምረን ሚጪሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶች ግፍ ተማርሮ ተነሣ። ሰሚ ያጣ ሕዝብ ጦርና ጎራዴ ይዞ ጠመንጃ ፊት ቆመ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባልበት አገር መጨረሻው ይኸው ነው። ባለርስቱ በምርጫ አይወርድ፣ በፍርድ ቤት አይረታ፤ ታዲያ ገበሬው ምን ቀረው?

«ያ የጥንት ነው» የሚል ካለ ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ከ900 ሺሕ በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ። ስንት ዘመን ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረ ሕዝብ! ተፈናቃዮቹ ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ ጫና እንደነበረ፣ እርዳታም መጓደሉን የረድኤት ድርጅቶች በጊዜው ዘግበዋል። በጌዴብ ወረዳ ጎቲቲ የተጠለሉ ሕፃናት በረሃብ ከሱ። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላይ ፎቶግራፋቸው አገር ምድሩን ሲያዳርስ ግን ሕዝቡ ተንጫጫ፣ እርዳታ ተንቀሳቀሰ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሳይቀሩ ወደ ጌዴኦ ተጓዙ።

ልብ በሉ! እህሉ ፎቶግራፉ በወጣ ማግስት አልበቀለም። አገር ውስጥ ነበረ። የ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ አማርትያ ሴን የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም፤ ገዢው የሚያጣው ነገር አለውና። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ተደብቆ የውጭ አገር ቴሌቪዥን እስኪያወጣው ስንቱ ረገፈ? እንግዲህ «ሕዝባችን የሚፈልገው ዳቦ እንጂ ዴሞክራሲ አይደለም» የሚሉ ቱባ ባለሥልጣናት ጎቲቲን ይጠይቁ። ዳቦው የመጣው ከጩኸቱ በኋላ ነው!

«እኛ እኮ በየአምስት ዓመቱ እንመርጣለን» ትሉኝ ይሆናል። በግንቦት 2007ቱ ምርጫ አንድም የተቃዋሚ እንደራሴ ፓርላማ አልገባም። ዘጠና ሚሊዮን ገደማ በሆነ ሕዝብ መካከል የተለየ ሐሳብ ጠፍቶ ነው? ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ በተቃውሞ ተናጠች። በምርጫ ሣጥን መውጫ ያጣ ብሶት በጎዳና ወጣ።

ሕዝበ ውሳኔም ቢሆን ያው ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ጌዴኦን ጨምሮ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሰጡ። ነጭ እርግብ የመረጠ አዲሱን ክልል ደገፈ፤ ጎጆ ቤት የመረጠ በነበረው መቆየትን። በዚያው ዓመት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ዲላም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች። ጥሩ! ነገር ግን ለብቻው ክልል መሆን የሚፈልግ ሰው ምልክቱ የት ነበር? ወረቀቱ ላይ አልነበረም። መልሱን የሚሰጥ ሕዝብ ጥያቄውን ሲዘጋጅም ካልተጠየቀ ሥልጣኑ በጠያቂው እጅ ነው።

ወገኖቼ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚሞተው ሹሙ እየበላ ሳለ የሚጠይቀው ሲኖር ነው። የወረዳችሁ በጀት ስንት ነው? በምን ላይ ዋለ? የቡናችሁን ዋጋ ማን ይቆርጠዋል? የተፈናቀለው ቤቱ ተሠራለት? ይህን በየስብሰባው፣ በየሶንጎው ጠይቁ። ሴቶቹ ከፊት ይቀመጡ። መልስ ካጣችሁም ጻፉ፤ ጋዜጣ የተሠራው ለዚህ ነው።

የጌዴኦ አባቶች ሥልጣን ቀን እንዳለው ያውቁ ነበር። ዛሬ በወንበር ላይ ያሉትም ይህንኑ ይወቁ።