እስክንድር፣ ወጥቶ የቀረው ሰዓሊ

(የመኪና ጡሩምባ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ስንመለከት ትዝ የሚለን የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። የዛሬው ወጋችን ግን ወጥቶ ስለቀረው ሌላ ሰዓሊ፣ ስለ እስክንድር ቦጎሲያን ነው።

አባቱ የአርመን ዘር ነበሩ፤ ስደት ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ገባ፤ ከዚያም ፓሪስ። ፓሪስ ነው የነሸጠው! የኩባዊው ሰዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥራ ሲያነቃው፣ አገር ቤት የሚያውቃቸው የብራና ክታብ ዐይኖች ሸራው ላይ ፈጠጡ።

በ1966 ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ጥቂት ዓመት ብቻ። ከዚያ አሜሪካ። ከ1972 እስከ 2001 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ2003 እዚያው ዋሽንግተን ዐረፈ። ከሰዓሊ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው «ኔክሰስ» ዛሬም በከተማዋ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ አለ።