በሙቀት ወራት ስለሚጠጣው ኮምጣጣ ቢራ
(ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ይህን ርእስ የመረጥንበትን ምክንያት ብንገልጽ ይሻላል። የሙቀት ወራት ሲገባ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል። «ኮመጠጠ» የምትባለዋ ቃል ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ ፍርድ ናት። አንዱ ጠጪ ጣሳውን አስቀምጦ «ይቺማ ኮምጥጣለች» ካለ ሌላውም ተከትሎት ይነሣል፤ ጠላ ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ እናት የእህሉና የጌሾው ገንዘባቸው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ዘመድ ከውጭ አገር ተሸክሞ ያመጣው ውድ ጠርሙስም ተከፍቶ «ይህማ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ቦይ ሲደፋ ሰምተናል። የሚደፋውንና የማይደፋውን ለይቶ ማወቅ የኪስም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው የብቅሉን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። መኮምጠጥ ግን በአብዛኛው የሌሎች፣ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ሥራ ነው፤ እነሱም በዋናነት ሁለት ወገን ናቸው። አንደኞቹ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ናቸው። የሚሠሩት ላክቲክ አሲድ ይባላል፤ ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ ወደ እርጎና ወደ ሎሚ የሚሄድ ነው። ሁለተኞቹ አልኮሉን ራሱን ኮምጣጤ ያደርጉታል፤ ለዚህም አየር የግድ ያስፈልጋቸዋል። ይቺን የአየር ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ስለ ወተት መኮምጠጥ የደረሰበትን በ1857 እ.ኤ.አ. አቀረበ፤ በ1876 ደግሞ ስለ ቢራና ስለ ሕመሙ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጥረት እነዚህን ተሐዋስያን ከበራቸው ማባረር ሆነ። እኛም ቢራ ሲባል ጥርት ያለ፣ ትንሽ መረር የሚል፣ ፈጽሞ የማይኮመጥጥ ነገር ብቻ መስሎን ቀረ።

ታዲያ አላባርርም ያለ አገር አለ። በቤልጂየም፣ በብራስልስ ከተማና ከእሷ በስተምዕራብ ባለው ፓዮተንላንድ በሚባለው ገጠር፣ ላምቢክ የሚሉት ቢራ ይጠመቃል። ከገብሱ ብቅል ሌላ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ያልበቀለ ስንዴ ይገባበታል። ሆፕስም ይጨመራል፤ ሆፕስ ማለት ለእነሱ ቢራ የእኛን የጌሾ ሥራ የሚሠራ አበባ ነው። እነሱ ግን ትኩሱን ሳይሆን ዓመታት ያስቆጠረውን ይመርጣሉ፤ ምሬቱ ይሄድና ከመበላሸት የመጠበቁ ኃይል ይቀራል። ከዚያ የፈላው ነገር ማታ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይገለበጥና ሳይከደን ያድራል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም! ሌሊት ከአየሩ፣ ኋላም ከአሮጌው የእንጨት በርሜል የሚያገኘው እርሾና ተሐዋስያን ናቸው የሚያብላሉት። በበርሜሉ ውስጥ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም ዓመት ይተኛል። ለጋውን ከአሮጌው ቀላቅለው በጠርሙስ ሲያሽጉት፣ ለጋው ገና ያላለቀ ስኳር ስላለው እንደገና ይፈላና እንደ ሻምፓኝ ያረፋል። ይህኛው ጉዝ ይባላል። ኮምጣጣ ቼሪ የተዘፈዘፈበት ደግሞ ክሪክ ነው። የአገራችን ሰው መጀመሪያ ክሪኩን ቢሞክር ይሻላል ባዮች ነን፤ ጉዝ ለጀማሪ ፊት ያስጨማድዳል።

የሚገርመው፣ ይህ ለሙቀት የሚስማማ መጠጥ ያለ ብርድ አይሠራም። የሚጠመቀው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ከሞቀ የማይፈለገው ተሐዋስ ይቀድማል። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብራስልስ የሚሠራው የካንቲዮን መጥመቂያ በኅዳር 2015 ሌሊቱ ስለሞቀበት መጥመቁን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገዶ ነበር። ስለ አየር ንብረት መለወጥ ሲወራ እርሻ ብቻ ነው የሚታሰበን፤ እነሱ ጋ ጋኑም ገብቶበታል።

ወደ ጀርመን ስንሄድ ነገሩ ቀለል ይላል። የበርሊን ነጭ ቢራ አልኮሉ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰኔና ሐምሌ፣ እኛ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉና፣ ያን ጊዜ የእንጆሪ ሽሮፕ ጠብ አድርገው ይጠጡታል። በላይፕዚግ ከተማ ደግሞ ጨውና ድምብላል የሚገባበት ጎዘ የሚባል ቢራ አለ። የሚጠምቀው ጠፍቶ በ1966 እ.ኤ.አ. ተቋርጦ ነበር፤ በ1980ዎቹ ግን ወዳጆቹ አስነሡት።

እዚህ ላይ «ይህማ የእኛ ቅራሪ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በጣዕም አንድ ናቸው አንልም፤ በግብር ግን ይቀራረባሉ። ጠላው ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ቀላል ነው፤ ኮምጠጥ ይላል፤ የደከመውን ሰው ያረካል።

አሁን ወደዚያች ወደ አየሯ እንመለስ። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ያለ ነገር አይደለም፤ ክፉውን ተሐዋስ የሚያዳክም ጽዳት ነው። ተመርጎ የተቀመጠ ጠላ ራሱ በሚያወጣው ጋዝ ይጠበቃል። ጋኑ ተከፍቶ ሲጎድል ግን አየር ይገባል፤ በሙቀት ጊዜ ከማግስቱ ጀምሮ የኮምጣጤ ሥራ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ጠላ የምትሸጡ እናቶች፣ አንዱን ትልቅ ጋን ደጋግሞ ከመክፈት በትንንሽ ማሰሮ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጦ አንድ በአንድ መክፈት ይሻላል። ኮምጣጤ የሆነውን ስኳር አይመልሰውም።

ጠጪውስ በምን ይለያል? በአፍንጫው። እንደ እርጎ፣ እንደ ሎሚ ቢሸት ችግር የለም። ጉዝማ አንዳንዴ የቆዳ ወይም የበረት ሽታ ይኖረዋል፤ አትደንግጡ፣ የዱር እርሾው ነው። አፍንጫ የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጠረን፣ ወይም ከላይ ሻጋታ ካለ ግን ይደፋ።

ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ባይነካው ይሻላል። ደግሞም ቢራ ውሃን አይተካም፤ አልኮል ሽንት ስለሚያበዛ በፀሐይ ቀን ጎን ለጎን ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ጉዝ የሚደርሳችሁ ካላችሁ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይደበቃል። ቡሹን ቀስ አድርጋችሁ ንቀሉ፤ ኃይል አለው። እታች የሚቀረው አተላ እርሾ ነው፤ ካልወደዳችሁት ስትቀዱ ጠርሙሱ ውስጥ ተዉት።