የምንጠጣውን ውሃ በምን እናክም?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)

እንደሚታወቀው ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። በመጣ ዕለት ጄሪካኑንም በርሜሉንም እንሞላለን፤ ከዚያ ቀናት ሙሉ ያንኑ እንቀዳለን። ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያ ሲወጣ ክሎሪን ገብቶበት ነው። ነገር ግን ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይ በተሰነጠቀው በኩል ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። የክሎሪኑም ኃይል ጄሪካን ውስጥ ሲቆይ ይደክማል። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ገብቶ እንዴት እንዳስጨነቀን አትረሱትም።

ታዲያ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

አንደኛው ማፍላት ነው። ጀርሙን በደንብ ይገድላል። ከተማችን ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጉድለቱ፣ ከሰሉም መብራቱም ገንዘብ ነው። ደግሞም የፈላ ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ እጅ ከነካው የሚከላከልለት ነገር የለም።

ይህንን በቤቴ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ውሃ አፍልታ በባልዲ ታስቀምጥ ነበር፤ ሁላችንም በአንድ ጣሳ እየጠለቅን እንጠጣለን። የልጅ ልጃችን በተቅማጥ ወድቃ ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ ተመላለስን። ነርሷ «ውሃ ታፈላላችሁ?» ስትለን «አዎን» አልን። «በምን ትቀዳላችሁ?» ስትለን ግን ዝም አልን።

ሁለተኛው እንደ «ውሃ አጋር» ያለው ክሎሪን ነው። ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ለክቶ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ዋናው ጥቅሙ፣ ውሃው ተጠራቅሞ ሲቆይም ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቀዋል። ውሃው ከደፈረሰ ግን ጭቃው ኃይሉን ይበላበታል፤ አስቀድሞ አስቀምጦ ማስጠለል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። ጨርቅ ብቻውን ግን ጀርም አይገድልም።

ሦስተኛው የሸክላ ማጣሪያ ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መግዣው ይከብዳል፣ በየጊዜው ካልታጠበ ይደፈናል፣ ከተሰነጠቀም ዋጋ የለውም። በጠራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማስቀመጥም ይቻላል፤ ለእኛ ክረምት ግን አይሆንም።

ስለሆነም ምክሬ ይህ ነው። ለቀናት ለሚጠራቀመው የመጠጥ ውሃ ክሎሪን፤ ለሕፃናት ደግሞ የዕለት የዕለቱን ማፍላት። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የታከመው ውሃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ቧንቧ ያለው ዕቃ የሌለን ከጄሪካኑ አዘንብለን እንቅዳ፤ ጣሳም እጅም አይግባበት። ጄሪካኑም እንደገና ከመሞላቱ በፊት ይታጠብ።

ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ቤት ስንገባ መጀመሪያ የውሃ ዕቃችንን ከፍተን እንየው።