ክርንን ስለመላስ፦ የአትባራ ባቡር ሠራተኞችና የሱዳን ቀልድ

የ2023ቱ ጦርነት ብዙዎቻችንን ከካርቱም ቢበትነንም ስለ ሱዳን ሰው ተናገር ስባል ደስ ብሎኛል። የመረጥኩት የባቡር ሠራተኞቹን ነው። ድሬዳዋን የምታውቁ ቶሎ ትረዱኛላችሁ፤ የባቡር ከተማ ሰው አፉ አይያዝም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አትባራን ሱዳኖች «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል። በ1946 የባቡር ሠራተኞቹ የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር አቋቋሙ። እንግሊዞቹ ግን በማኅበር ፈንታ ከአለቆቻችሁ ጋር የምትቀመጡበት ኮሚቴ ይበቃችኋል አሏቸው። አንድ የአትባራ ሰው ሱቄ ይመጣ ነበር፤ ሐጅ እንለዋለን። ያንን ኮሚቴ አባቱ እንደነገረው ሲያስረዳኝ «ሻይ ይቀዱልሃል፤ ስኳሩን ግን ከቤትህ ይዘህ ትመጣለህ» አለኝ። ሠራተኞቹ ኮሚቴውን አልተቀበሉም። በጁላይ 1947 ሰልፍ ወጡ፣ ሥራ አቆሙ፣ ማኅበራቸውም ታወቀላቸው። በ1948 ደግሞ 33 ቀን ሥራ አቆሙ።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ 33 ቀን ያለ ደመወዝ ምን እንደሆነ ከዱቤ መዝገቤ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሥጋ ይቀራል፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ከዚያ ባልና ሚስት መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውን የሚያስቅ አንድ ሰው ከአንድ ጆንያ ዱራ አይተናነስም።

ቀልዱ ግን በማን ላይ እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል። በጃፓን የመንግሥት ባቡር ሠራተኞች ሥራ ማቆም በሕግ ተከልክለው ስለነበር፣ እያንዳንዱን የደኅንነት ደንብ አንድ ሳያስቀሩ እየፈጸሙ ባቡሩን ያዘገዩ ነበር። ደንብ አከበርክ ተብሎ ማን ይከሰሳል? ያስቃል። ሆኖም በማርች 1973 አጌዎ በተባለ ጣቢያ መንገደኞቹ ትዕግሥታቸው አልቆ ባቡሩን ሰባበሩት። ደንበኛ ሲመረው ምን እንደሚያደርግ ለኔ አይነገረኝም።

በሱዳንም ቢሆን ነገሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ከአትባራ ባቡር ሠራተኝነት ተነስቶ የሱዳን ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን መሪ የሆነው አል ሻፊ አሕመድ አል ሼክ በጁላይ 1971 በኒሜሪ መንግሥት ተሰቅሏል። ልጆች ይህን እወቁ።

እንዲያም ሆኖ ቀልዱ አልሞተም። የበሽር ሰው ናፊዕ አሊ ናፊዕ፣ መንግሥታችንን መጣል ክርንን እንደመላስ ነው ብሎ ነበር። (እዚህ ያላችሁ አትሞክሩ፣ አይደርስም።) በጁን 2012 ኑሮ ሲወደድ ሰልፈኞቹ አንዱን ዓርብ «የክርን መላስ ዓርብ» ብለው ሰየሙት። ያኔ ብዙ ሰው ተደበደበ፣ ታሰረ፤ መንግሥቱም አልወደቀም። በዲሴምበር 2018 ዳቦ ሲወደድ ግን አትባራ ቀድማ ተነሳች። መፈክሩ «ተስጉት በስ»፣ ይውደቅ፣ በቃ፣ የሚል ነበር። ኤፕሪል 11 ቀን 2019 በሽር ወረደ። በማግስቱ ተተኪው ኢብን ዖፍም ሲለቅ ሰዉ «ተስጉት ታኒ»፣ ዳግም ይውደቅ፣ እያለ ይስቅ ነበር። ኤፕሪል 23 የአትባራ ባቡር ጣሪያው ሳይቀር ሰው ተጭኖ ካርቱም ገባ።

በዚያ ሰሞን ሐጅ ሱቄ መጥቶ የዱቤ መዝገቤን ገለጠና ስሙ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ተስጉት በስ» አለኝ። ሳቅንለት፤ ሻይም ቀዳንለት። ዕዳው ግን አልወደቀም፣ በሁለት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ።