ሰጪው ከሰጠ በኋላ ያለው ሥራ፦ የመሥሪያ ቤት ልገሳና የአሠሪ ማቺንግ አስተዳደር



በአሜሪካ በየዓመቱ ከ4 እስከ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የበጎ አድራጎት ገንዘብ ጠያቂ አጥቶ እንደሚቀር በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ይህ ገንዘብ የተነፈገ ገንዘብ አይደለም። ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው ለበጎ ሥራ ሲሰጡ «እኛም ያንኑ ያህል እንጨምራለን» ብለው ቃል የገቡበት፣ በጀትም የያዙለት ነው። ሠራተኛው ከኪሱ አውጥቶ ሰጥቷል፤ ኩባንያው ለመጨመር ዝግጁ ነው። በመካከል ግን አንድ ቅጽ ሳይሞላ፣ አንድ ደብዳቤ ሳይመለስ፣ አንድ የጊዜ ገደብ ሳይታወስ ያልፍና የተራበው ሰው ዘንድ ሊደርስ የሚችለው ገንዘብ ከኩባንያው ካዝና ሳይወጣ ይቀራል።

የዚህ ዲስኩር ፍሬ ነገርም ከዚህ ይነሳል። የመሥሪያ ቤት ልገሳ የሚሰምረው ወይም የሚከሽፈው በአብዛኛው ሰጪው ከሰጠ በኋላ በሚሠራው የቢሮ ሥራ ነው። ደግነቱ በሠራተኛው በኩል ተፈጽሟል። የቀረው የተቀባዩ ድርጅት ኃላፊነት ነው።

የሥርዓቱ ታሪክ ረዘም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ ፍራንሲስ ዋይዝባርት ጄኮብስ የተባለች ሴትና የከተማዋ የሃይማኖት መሪዎች ተሰባስበው፣ የረድኤት ተቋማት በየፊናቸው ከሚለምኑ በአንድ ዘመቻ እንዲሰበስቡ አደረጉ። የመጀመሪያው ዘመቻ 21,700 ዶላር አስገኘ፤ ዛሬ ዩናይትድ ዌይ የሚባለው ግዙፍ መረብም ምንጩን ከዚያ ይቆጥራል። ነገሩን ከአደባባይ ልመና ወደ ደመወዝ መዝገብ ያሻገረው ግን የግብር ሕግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 የገቢ ግብር ከደመወዝ ላይ በአሠሪው በኩል ተቆርጦ እንዲገባ ስትወስን፣ የየድርጅቱ ሂሳብ ክፍል በየክፍያው ቀን መቁረጥና ማስተላለፍ የተለመደ ሥራው ሆነ። ሠራተኛው ከፈቀደ ከግብሩ ጎን ለበጎ አድራጎት ጥቂት ዶላር መቁረጥ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አዲስ ነገር ጀመረ። ሠራተኞቹ ለኮሌጆች ለሚሰጡት ስጦታ ኩባንያው አቻውን ይጨምር ገባ። ማቺንግ የሚባለው ልማድ በኩባንያዎች ዘንድ የተተከለው በዚህ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1983 የሠራተኞች የልገሳ ፕሮግራሙን ጀምሮ፣ በኋላ የማቺንጉን ጣሪያ ለአንድ ሠራተኛ በዓመት እስከ 15,000 ዶላር አድርሷል፤ ሠራተኛው በበጎ ፈቃድ ለሚያገለግለው ድርጅትም በሰዓት 25 ዶላር ይከፍላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱን ማቺንግ ሲጀምር ጣሪያውን በዓመት 10,000 ዶላር አድርጎ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛም አልቀረም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 በሰጡት ትእዛዝ መሠረት የተጣለው ሥርዓት አድጎ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የጋራ ዘመቻ ሆነ። ፖስተኛው፣ ወታደሩና የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በዚህ ዘመቻ አማካይነት ከደመወዛቸው ለመረጡት ድርጅት ሲሰጡ ኖረዋል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ስጦታው የገቢ ግብር ከመሰላቱ በፊት ከደመወዝ ይነሳል። 20 በመቶ ግብር የሚከፍል ሠራተኛ 1 ፓውንድ ሲሰጥ ከእጁ የሚጎድለው 80 ፔንስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ በተግባር እንዴት ይጓዛል?

ሠራተኛዋ በወር 50 ዶላር ከደመወዟ እንዲቆረጥ ትፈቅዳለች እንበል። አሠሪዋ አንድ ለአንድ የሚጨምር ከሆነ ድርጅቱ በዓመት የሚያገኘው 600 ሳይሆን 1,200 ዶላር ነው። ኩባንያው ገንዘቡን በአብዛኛው በቀጥታ አይልክም፤ እንደ ቤኔቪቲ ያሉ የኤሌክትሮኒክ መድረኮች በመካከል ሆነው የብዙ ሠራተኞችን ስጦታ አጠራቅመው በአንድ ጊዜ ያስተላልፋሉ። ሠራተኛዋ ከደመወዝ ሳይሆን በራሷ ካርድ ሰጥታ ከሆነ ደግሞ ደረሰኟን ይዛ ለአሠሪዋ ማመልከት አለባት። ኩባንያው ተቀባዩን ድርጅት «በእርግጥ ተቀብላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ድርጅቱ ሲያረጋግጥ ጭማሪው ይከፈላል፤ ክፍያው ወራት የሚወስድበት ጊዜም ብዙ ነው።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ገንዘብ የሚያፈሱ ቀዳዳዎች የታወቁ ናቸው። ድርጅቱ በመድረኮቹ ላይ አልተመዘገበም፤ ወይም ከተመዘገበ በኋላ የባንክ ሂሳቡን ቀይሮ አላስታወቀም። ሕጋዊ ስሙ አንድ፣ ሕዝብ የሚያውቀው ስሙ ሌላ ስለሆነ ሠራተኛው ሲፈልገው አያገኘውም። የማረጋገጫ ጥያቄው ከወራት በፊት ሥራ ወደ ለቀቀ ባልደረባ ኢሜይል እየሄደ ይከማቻል። በልገሳ ቅጹ ላይ «የት ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ ስለሌለ የትኛው ሰጪ ማቺንግ ካለው ኩባንያ እንደሚሠራ አይታወቅም። እነዚህን ለመድፈን ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ስሙና ኃላፊነቱ የተለየ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

የዚህ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ምዝገባ ነው። የግብር መለያ ቁጥሩ፣ አድራሻውና የባንክ ሂሳቡ በየመድረኩ ትክክል መሆኑን በየጊዜው ያያል፤ የማረጋገጫ ጥያቄዎች በግለሰብ ስም ሳይሆን በሥራ ክፍሉ ኢሜይል እንዲገቡ ያደርጋል። ሁለተኛው ማስታወስ ነው። የምስጋና ደብዳቤው ሰጪውን አመስግኖ፣ አሠሪው ጭማሪ እንደሚሰጥ፣ ቅጹ የት እንደሚገኝና እስከ መቼ መሞላት እንዳለበት ያመለክታል። ሰው ከሰጠ ማግስት ልቡ ገና ሞቅ ያለ ነውና ቅጽ ለመሙላት አይሰንፍም፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን የሰጠበትንም ቀን ላያስታውስ ይችላል።

ሦስተኛው ሂሳብ ማስታረቅ ነው፤ ድካሙም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ከመድረኩ አንድ ጥቅል ክፍያ ባንክ ይገባል። በውስጡ የአርባ ሠራተኞች የደመወዝ ተቆራጭ፣ የሃያዎቹ ማቺንግና የመድረኩ የአገልግሎት ክፍያ ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ። የሂሳብ ባለሙያው ዝርዝሩን አውጥቶ የሠራተኛውን ገንዘብ በሠራተኛው፣ የኩባንያውን በኩባንያው ስም መመዝገብ አለበት። ለሠራተኛው የሚሰጠው ደረሰኝ የራሱን ስጦታ ብቻ ያሳያል፤ አሠሪው የጨመረውን ሠራተኛው ከግብሩ ሊያስቀንስበት አይችልምና። ይሁን እንጂ ጭማሪው የመጣው በእሱ ምክንያት መሆኑ በሰጪው መዝገብ ላይ ሊሰፍርና ሊመሰገንበት ይገባል። ስሙ እንዳይገለጥ የፈለገ ሠራተኛ ካለም ድርጅቱ ያንን ያከብራል፤ ስሙን ፈልፍሎ ለማግኘት አይሞክርም።

ድርጅቶች በተደጋጋሚ የሚጨነቁበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ኩባንያው እጥፍ ብቻ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ቢጨምር ሰጪው ይበልጥ አይበረታታም ወይ? ዲን ካርላንና ጆን ሊስት የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ፈትነውታል። ቀደም ሲል ለአንድ ድርጅት ሰጥተው ለነበሩ ከ50,000 ለሚበልጡ ሰዎች ደብዳቤ ተላከ። ማቺንግ መኖሩ የተነገራቸው ሰዎች የመስጠት ዕድላቸው በ22 በመቶ፣ በአንድ ደብዳቤ የተገኘው ገቢም በ19 በመቶ ጨመረ። ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ መባሉ ግን ከአንድ ለአንዱ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ስለዚህ ኩባንያ ዘንድ ለድርድር የሚቀርብ ሰው ጉልበቱን ምጣኔውን ከፍ በማድረግ ላይ ከሚጨርስ፣ ጣሪያው ሰፋ እንዲል፣ የማመልከቻው ጊዜ እንዲራዘምና ዝቅተኛው መጠን ትንሹን ሰጪ እንዳይገፋ ቢጠይቅ ይበልጥ ያተርፋል።

ለሰብዓዊ ዕርዳታ ድርጅት ደግሞ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ጦርነት በቴሌቪዥን በታየ ሰሞን ገንዘብ ይጎርፋል፤ ካሜራው ሲዞር ይደርቃል። ድርቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ካሜራውም ዘግይቶ ይደርሳል። መጋዘን ውስጥ ድንኳን፣ የውኃ ማጣሪያና አልሚ ምግብ አስቀድሞ እንዲኖር የሚያደርገው በየወሩ ሳያሰልስ የሚገባ፣ ለአንድ አደጋ ብቻ ያልታሰረ ገንዘብ ነው። ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ ጠባዩ በትክክል ይህ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ በአደጋ ጊዜ የተከፈተ ልዩ ዘመቻ ሲያልቅ የሰጡትን ሠራተኞች አይሰናበትም፤ ገንዘባቸው ምን እንደሠራ ነግሮ ወደ ወርኃዊ ሰጪነት ይጋብዛቸዋል።

ማቺንግ የኩባንያ ብቻ ነገር አለመሆኑን ኢትዮጵያን የነካ አንድ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሶማሊያና በደቡብ ሱዳን ረሃብ ባንዣበበ ጊዜ፣ የእንግሊዝ የረድኤት ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ ለሕዝቡ ጥሪ አቀረበ። የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡ ለሚሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ 5 ሚሊዮን ፓውንዶች አቻውን እንደሚጨምር በዚያው ጊዜ አስታወቀ። ጥሪውና የማቺንጉ ቃል አብረው በመውጣታቸው ሰጪው ስጦታው የሚያመጣውን ጭማሪ ገና ሲሰጥ ያውቅ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሥርዓት ጋር ያላቸው ትስስር ቅርብ ነው። ከመካከላቸው በሆስፒታሎች፣ በባንኮች፣ በቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 «በቀን አንድ ዶላር» በሚል ጥሪ የተቋቋመው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ትንሽ ነገር ግን የማያቋርጥ መዋጮ ለወገን የሚያደርሰውን አሳይቷል። ሆኖም ለተፈናቃይ ተብሎ በግለሰብ ስም በኢንተርኔት የሚከፈት የመዋጮ ገጽ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ የአሠሪ ማቺንግ አያገኝም፤ ተቀባዩ በአሜሪካ ሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆን አለበትና። ለእራት ግብዣ ከተከፈለው ትኬት ላይ የምግቡን ዋጋ አሠሪዎች በአብዛኛው አይሸፍኑም። ለአምልኮ ብቻ የሚውል ስጦታን የማይቀበሉም ብዙ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ለማንኛውም ችግረኛ ክፍት የሆነ የምግብ ዕደላ ካለው ግን ያ ሥራ ተለይቶ ሊታይለት ይችላል። እነዚህን ሦስት ነገሮች አስቀድሞ ያወቀ ማኅበር ሰጪዎቹን ሳያስቸግር ገቢውን ያሳድጋል።

በአገር ቤትም መሠረቱ አለ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የእድር ወርኃዊ ክፍያ ከደመወዝ ላይ ይነሳል፤ አባሉ ፈርሞ ፈቅዷል፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ያውቃል፣ በስብሰባ ሪፖርት ይሰማል። ሕጉም ይህን መንፈስ ይደግፋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ላይ፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተወሰነ በቀር፣ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይወስናል። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ነጋዴው ድርጅት ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት የሚሰጠውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲይዝ ሲወጣ ፈቅዷል። ሠራተኛው እንዲሰጥ፣ አሠሪው እንዲጨምር የሚያስችል በር አለ ማለት ነው።

በዚህ በር ሲገባ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ነፃ ፈቃድ ነው። አለቃ በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ «ስንት ትሰጣለህ?» ካለ፣ የሚገኘው ገንዘብ ቂም ያዘለ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ዘመቻ ደንብ ማስገደድን በግልጽ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ማን እንደሰጠና ማን እንዳልሰጠ የሥራ ኃላፊው ማወቅ የለበትም። ሁለተኛው ታማኝነት ነው። የዩናይትድ ዌይ ኦፍ አሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊልያም አራሞኒ በድርጅቱ ገንዘብ አላግባብ መጠቀማቸው ተጋልጦ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1995 ጥፋተኛ ተብለው የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ጥፋቱ የአንድ መሪ ሆኖ ሳለ በየፋብሪካው ከደመወዙ ሲያስቆርጥ የኖረው ሠራተኛ በመላው ዘመቻ ላይ ያለውን እምነት አናጋ። ከደመወዝ የሚሰጥ ሰው በየወሩ ቼክ አይፈርምም፤ አንድ ጊዜ አምኖ ይተዋል። ያንን እምነት የሚጠብቅለት ደግሞ ሪፖርቱ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ ዲስኩር ለየድርጅታችሁ የሚያቀርበው ሐሳብ በመጪው ሩብ ዓመት ሊፈጸም የሚችል ነው። ባለፉት 12 ወራት የሰጡ ሰዎችን ዝርዝር አውጥታችሁ አሠሪዎቻቸውን ጠይቁ። ማቺንግ ያላቸውን ኩባንያዎች ለዩ፤ የማመልከቻ ጊዜያቸው ያላለፈባቸውን ሰጪዎች በግል ጻፉላቸው። ምላሽ ያላገኙ የማረጋገጫ ጥያቄዎች በየመድረኩ ተከማችተው እንደሆነ እዩና ምላሽ ስጡ። በልገሳ ቅጻችሁ ላይ የአሠሪውን ስም የሚጠይቅ መስመር ጨምሩ። ሥራውን ለአንድ ባለሙያ በጽሑፍ ስጡና፣ ከሠራተኞች የመጣውንና አሠሪዎች የጨመሩትን ለየብቻ የሚያሳይ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ ያቅርብ።